ከዩኒቨርሲቲ ተባርሮ ፎርትራንን የፈጠረው ጆን ባከስ

እአአ በግንቦት 2018 ‘ሳጋር’ የተባለ አውሎ ነፋስ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ይዞ ወደ ምዕራብ ገሠገሠ። ሶማሊላንድን መትቶ የሰው ሕይወት ቀጠፈ፤ በጅቡቲ ከተማም ጎርፍ ጎዳናዎችንና መኖሪያ ቤቶችን አጥለቀለቀ። የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው ክፍል የሚያልፍበት የጅቡቲ ወደብ የሚገኘው በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ጫፍ ነው።

እንዲህ ያለ ነፋስ ከቀናት በፊት መታወቁ ለመርከብ ካፒቴን፣ ለክሬን ሠራተኛና በቆርቆሮ ቤት ለሚኖር ቤተሰብ ትልቅ ትርጉም አለው። ትንበያው የሚወጣው በስሌት ነው። ኮምፒውተሮች ሰማዩንና ባሕሩን በትናንሽ ክፍሎች ሸንሽነው የእያንዳንዱን ክፍል ሙቀት፣ ግፊት፣ እርጥበትና የነፋስ ፍጥነት ደግመው ደጋግመው ያሰላሉ።

ከእነዚህ የስሌት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የተጻፉት ፎርትራን በተባለ ቋንቋ ነው። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ሞዴል በአብዛኛው ፎርትራን ነው። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ጅቡቲ የሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ የልማት በይነ መንግሥታት ድርጅት፣ ኢጋድ፣ ኬንያ ውስጥ ባለው የአየር ንብረት ማዕከሉ የሚጠቀምበት ‘ደብሊውአርኤፍ’ የተባለው ሞዴልም እንደዚሁ።

የዚህ ቋንቋ አባት ጆን ባከስ ይባላል። ከዩኒቨርሲቲ የተባረረ፣ ሕክምና ጀምሮ ያቋረጠ፣ እስከ 20ዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ድረስ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው ነበር። ሕይወቱን ሙሉ የተከተለው ሐሳብ ግን አንድ ነው፤ ማሽኑ ሊሸከመው የሚችለውን አድካሚ ሥራ ሰው መሸከም የለበትም የሚል።

ከዚህ ሸክም አንዱ፣ ተጠቅመውበት ያበቃውን ነገር ከኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ወይም ሜሞሪ የማጽዳት ሥራ፣ መፍትሔ ሳያገኝ ብዙ ቆይቷል። የፎርትራን ኮምፓይለሮች ይህን ሥራ በሚገባ ለመወጣት ከባከስ ሞት በኋላም ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

መንገድ ያጣ ወጣት

ጆን ባከስ እአአ ታኅሣሥ 3 ቀን 1924 በፊላደልፊያ ተወልዶ በዴላዌር ግዛት በዊልሚንግተን ከተማ አደገ። አባቱ የኬሚስትሪ ባለሙያ ሲሆኑ በኋላ ወደ አክሲዮን ድለላ ገቡ። ቤተሰቡ ሀብታም ነበር፤ ልጁ ግን ገና በሕፃንነቱ እናቱን አጣ።

የተላከበት አዳሪ ትምህርት ቤት ስመ ጥር ነበር። ባከስ ግን ትምህርት ይጠላ ነበርና በየዓመቱ እየወደቀ ክረምቱን በማካካሻ ትምህርት ያሳልፍ ነበር። እአአ በ1942 ኬሚስትሪ ሊያጠና ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ክፍል መግባት አቁሞ ስለነበር ዓመት ሳይሞላው ተባረረ።

ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበርና ወደ ጦር ሠራዊቱ ተቀላቀለ። በጆርጂያ ግዛት የአየር መቃወሚያ ቡድን አዛዥ ሆኖ ሳለ በተሰጠው የችሎታ ፈተና ከፍተኛ ውጤት አመጣ። ሠራዊቱም መጀመሪያ ምሕንድስና፣ ቀጥሎም ሕክምና እንዲማር ላከው።

በሆስፒታል ሲሠለጥን የራስ ቅሉ ላይ ዕጢ ተገኘበት። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በቦታው የብረት ሳህን ገባለት። ከዚያ ኒውዮርክ ውስጥ የሕክምና ትምህርቱን ቀጠለ፤ ዘጠኝ ወር ሳይዘልቅ ግን ይህንንም ተወው።

በዚያን ጊዜ ባከስ በኒውዮርክ አነስተኛ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። የሚፈልገው አንድ ነገር ጥሩ የሙዚቃ ማጫወቻ ነበር። ሊገዛ የሚችለው ስላላገኘ ራሱ ሊሠራው አስቦ ሬዲዮ ጠጋኞች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ አንድ መምህሩን የድምፅ ማጉያ ስሌት በመሥራት ሲያግዝ፣ ሒሳብ እንደሚወድ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገለጠለት። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶም እአአ በ1949 የመጀመሪያ፣ በዓመቱ ደግሞ የሁለተኛ ዲግሪውን በሒሳብ ያዘ።

በማዲሰን ጎዳና የተገኘ ሥራ

ትምህርቱን ሊጨርስ ሲቃረብ ማዲሰን ጎዳና ላይ የሚገኘውን የአይቢኤም ኩባንያ የኮምፒውተር ማዕከል ሊጎበኝ ገባ። ማሽኑ ክፍሉን የሞላ ሲሆን ከ12 ሺህ በላይ የኤሌክትሮኒክስ ቱቦዎች ነበሩት። ለአስጎብኚዋ ሥራ እንደሚፈልግ ሲነግራት ወዲያውኑ ወደ ኃላፊው ወሰደችው። ተራ ልብስ የለበሰው ጎብኚ እዚያው የሒሳብ እንቆቅልሽ ተሰጥቶት ፈታ፤ ተቀጠረም።

የመጀመሪያ ዓመታቱ ሥራ በዚህ ግዙፍ ማሽን ላይ ስሌት መሥራት ነበር። ከሥራዎቹ አንዱ ጨረቃ በየጊዜው የምትገኝበትን ቦታ ማስላት ነው። ማሽኑ በየጊዜው በስሕተት ይቆም ስለነበር ሠራተኛው ከአጠገቡ መራቅ አይችልም።

የዚያ ዘመን ፕሮግራመር ለማሽኑ የሚነግረው እያንዳንዱን ጥቃቅን እርምጃ በቁጥርና በምልክት ነው። ይህ ቁጥር የትኛው የሜሞሪ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፣ መቼ ይውጣ፣ በቦታው ምን ይግባ የሚለውን ሁሉ የሚወስነው ሰው ነበር። አንድ ሣጥን ቢሳሳት ውጤቱ በሙሉ ይበላሻል።

ባከስ ይህን አሰልቺ ሥራ አልወደደም። በኋላ ዘመን ስለ ሥራው ሲጠየቅ ብዙው የመጣው ከስንፍናው እንደሆነ በቀልድ ይናገር ነበር። እአአ በ1953 ‘ስፒድኮዲንግ’ የተባለ ማቅለያ ሠራ። ይህ የፕሮግራመሩን ሥራ ቢቀንስም ማሽኑን እጅግ ያዘገይ ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ለአለቃው ለከትበርት ኸርድ አጭር የሐሳብ ማስታወሻ ጻፈ። የሙግቱ መሠረት ገንዘብ ነበር። ለፕሮግራመሮች የሚከፈለው ከኮምፒውተሩ ወጪ አያንስም፤ የማሽኑ ሰፊ የሥራ ጊዜም ስሕተት በመፈለግ ይባክናል። ስለዚህ ሰው በሒሳብ ቀመር የሚመስል ቋንቋ ይጻፍ፤ ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚተረጉመው ሌላ ፕሮግራም ይኑር አለ። ይህ ተርጓሚ ፕሮግራም ዛሬ ኮምፓይለር ይባላል። ሐሳቡ በጥር 1954 ተቀባይነት አገኘ።

6 ወር የተባለው 3 ዓመት ሆነ

ባከስ የሰበሰበው ቡድን ትንሽና ወጣት ነበር። የክሪስታል ተመራማሪው ዴቪድ ሴየር፣ ከሌላ ኩባንያ የተዋሰው ሮይ ነት፣ ከኤምአይቲ የመጣው ሼልደን ቤስት፣ ከኮሌጅ በቅርቡ የወጣችው ሎይስ ሃይብትና ሌሎችም ነበሩበት። ቀን ቀን ማሽኑ በሌሎች ሥራዎች ስለሚያዝ በአቅራቢያው ባለ ሆቴል ክፍል ተከራይተው ቀን ይተኙና ሌሊት ይሠሩ ነበር።

ሥራው መቼ እንደሚያልቅ ሲጠየቁ መልሳቸው ሁልጊዜ ከ6 ወር በኋላ የሚል ነበር። የወሰደው ግን 3 ዓመት ገደማ ሆነ። ኮምፓይለሩ 25 ሺህ ያህል የማሽን ትእዛዝ የያዘ ነበር።

ትልቁ ፈተና እምነት ማግኘት ነበር። የዘመኑ ፕሮግራመሮች ማሽን የሚጽፈው ፕሮግራም የሰውን ያህል ፈጣን ሊሆን አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። ባከስም ኮምፓይለሩ የሚያወጣው ፕሮግራም በጣም ከዘገየ ማንም እንደማይነካው ያውቅ ነበር። ስለዚህ ከቋንቋው ውበት ይልቅ ለፍጥነቱ ተጨነቀ።

እዚህ ላይ የሼልደን ቤስት ሥራ ልዩ ስፍራ አለው። የአይቢኤም 704 ማሽን ድርድር ቁጥሮችን ለመቁጠር የሚጠቀምባቸው ሬጂስተሮች 3 ብቻ ነበሩ። አራተኛ ቁጥር ሲመጣ አንዱ መልቀቅ አለበት። የቤስት መመሪያ ቀላል ነበር፤ ዳግመኛ የሚፈለግበት ጊዜ ከሁሉ የራቀው ይውጣ።

በዚህ ሥራ ኮምፓይለሩ ስለ እያንዳንዱ ነገር የወደፊት ጥቅም ማሰብ ጀመረ። አንድ ነገር የሚያስፈልገው እስከ መቼ እንደሆነ ፕሮግራሙን ብቻ በማንበብ ማወቅ እንደሚቻል ታየ።

እአአ በሚያዝያ 1957 ኮምፓይለሩ ወደ መጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ደረሰ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የዌስቲንግሃውስ ቤቲስ ላቦራቶሪ ፕሮግራም ሲያስገባ መጀመሪያ ያገኘው መልስ አንድ ኮማ መጉደሉን የሚገልጽ መልእክት ነበር። ኮማው ተጨምሮ ውጤቱ ወጣ። በ1958 በተደረገ ቅኝት ከ26 የአይቢኤም 704 ማዕከላት ከግማሽ በላይ የሆኑት አብዛኛውን ሥራቸውን በፎርትራን ይሠሩ ነበር።

ባዶውን ኮንቴነር ማን ይመልስ?

የመጀመሪያው ፎርትራን የማጽዳት ጥያቄ አልነበረበትም፤ ምክንያቱም የሚጸዳ ነገር አልነበረም። እያንዳንዱ ቁጥርና ድርድር ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ቋሚ ቦታ ይሰጠዋል፤ ፕሮግራሙ እስኪያበቃም ይዞት ይቆያል። ቦታ የጠበበው ፕሮግራመር ሁለት ስሞች አንድ ሣጥን እንዲጋሩ በገዛ እጁ ማዘዝ ነበረበት።

ይህን ለማስረዳት የጅቡቲ ወደብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከኢትዮጵያ የሚያስመጣ ነጋዴ እንደሚያውቀው ዕቃ ማውጣት ብቻውን ሥራውን አይጨርሰውም። ባዶው ኮንቴነር በጊዜው ካልተመለሰ ክፍያ ይቆጠራል፤ ያልተነሣ ኮንቴነር የበዛበት ግቢም አዲስ ለሚመጣው ቦታ ያጣል። የመጀመሪያው ፎርትራን ለእያንዳንዱ ነጋዴ የዘላለም ቦታ የሰጠ ወደብ ነበር። ክርክር የለም፤ ብክነቱ ግን ብዙ ነው።

እአአ በ1960 ጆን ማካርቲ ‘ሊስፕ’ ለተባለው ቋንቋ ሌላ መንገድ አስተዋወቀ። በዚህ መንገድ ፕሮግራሙ ቦታ ሲያጥረው ሥራውን ገታ አድርጎ ግቢውን ይፈትሽና ማንም የማይፈልገውን ሁሉ ይጠርጋል። ፎርትራን ይህን አልተከተለም። የቤስትን ፈለግ ይዞ ጽዳቱን አስቀድሞ ወደሚያቅደው ኮምፓይለር አዘነበለ።

ለውጡ በደረጃ መጣ። ፎርትራን 90 ፕሮግራም በሥራ ላይ ሳለ ቦታ እንዲጠይቅ ፈቀደ። ፎርትራን 95 ደግሞ ንዑስ ፕሮግራም ሥራውን ሲጨርስ ለራሱ የወሰደው ድርድር፣ እንዲቆይ ካልታዘዘ በቀር፣ በራሱ እንዲለቀቅ ደነገገ። ኮምፓይለሩ ንዑስ ፕሮግራሙ በሚወጣባቸው በሮች ሁሉ ላይ የማጽጃ ትእዛዝ ይተክላል። ፕሮግራመሩ ያንን ትእዛዝ አያየውም።

ፎርትራን 2003 ከዚህ አልፎ ኦብጀክቶችን በሙሉ አቅፏል። ኦብጀክት ማለት ቁጥሮችን፣ ፋይሎችንና ወደ ሌላ ቦታ የሚያመለክቱ ጠቋሚዎችን በአንድ ላይ የያዘ ጥቅል ነው። ኮምፓይለሩ ጥቅሉን ራሱን ማንሣት ያውቃል። ጠቋሚው በሚያመለክተው መጋዘን ውስጥ ያለው ዕቃ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። ስለዚህ ቋንቋው የኦብጀክቱ ባለቤት ‘ፋይናል’ በሚል ቃል የስንብት መመሪያ እንዲጽፍ ፈቀደ።

መመሪያው የሚፈጸምበት ጊዜ በደንብ ተቆርጧል። ኦብጀክቱ ሲለቀቅ፣ ንዑስ ፕሮግራሙ ሲያበቃ፣ በአሮጌው ይዘት ላይ አዲስ ሲጻፍበት፣ ጊዜያዊ ውጤት ከተጠቀሙበት በኋላ ይፈጸማል። ኦብጀክቱ ከሌላ ኦብጀክት የተወረሰ ከሆነ መጀመሪያ የራሱ፣ ቀጥሎ በውስጡ የያዛቸው፣ በመጨረሻም የወላጁ መመሪያ ይሠራል። ፕሮግራሙ ራሱ ሲያበቃ በሥራ ላይ ያሉት ግን መመሪያቸው አይጠራም።

የቅደም ተከተሉ ነገር ቀላል አይደለም። አንድ ኦብጀክት ከገዛ አሮጌ ይዘቱ ተሰልቶ የሚታደስ ከሆነ ኮምፓይለሩ መጀመሪያ አዲሱን ማስላት፣ ከዚያ አሮጌውን ማጽዳት፣ በመጨረሻ አዲሱን ማስቀመጥ አለበት። ቀድሞ ካጸዳ ስሌቱ የጠፋ ዕቃ ይፈልጋል።

ከዚህም የባሰ ወጥመድ አለ። አንድ ኦብጀክት ወደ ሌላ ሲገለበጥ ጠቋሚው እንጂ ዕቃው አይባዛም። ሁለት ነጋዴዎች የአንድ ዕቃ ሰነድ ይይዛሉ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሲሰናበት መጋዘኑን ባዶ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ሲሰናበት ያንኑ መጋዘን ደግሞ ለማስለቀቅ ይሞክራል፤ ፕሮግራሙም ይወድቃል። መድኃኒቱ ፕሮግራመሩ የግልበጣውን ሥርዓት ራሱ እንዲጽፍ ወይም ከጠቋሚ ይልቅ በራሱ የሚለቀቀውን ድርድር እንዲጠቀም ነው።

ጽዳቱ ከተረሳ ደግሞ ጉዳቱ ቀስ ብሎ ይመጣል። የአየር ትንበያ ፕሮግራም አንድን እርምጃ በሺዎች ጊዜ ይደግማል። በእያንዳንዱ እርምጃ ጥቂት ሜሞሪ ሳይመለስ ከቀረ ጉድለቱ በመጀመሪያው ሰዓት አይታይም። ስሌቱ ከተጋመሰ በኋላ ግን ግቢው ይሞላል፤ ፕሮግራሙም ትንበያውን ሳያወጣ ይቆማል። አውሎ ነፋስ በሚጠበቅበት ሌሊት የዚህ ዋጋ ከባድ ነው። ብዙ የሞዴል ጸሐፊዎች የሚፈልጉትን ቦታ በመነሻው ይዘው እስከ መጨረሻው አለመንካትን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

በገዛ ሥራው ላይ የተነሣ ሰው

ባከስ ከፎርትራን በኋላ ‘አልጎል’ በተባለው ዓለም አቀፍ ቋንቋ ዝግጅት ተሳተፈ። እአአ በ1959 ፓሪስ ላይ በተደረገ ጉባኤ የቋንቋን ሰዋስው በጥብቅ ቀመር የሚገልጽ ዘዴ አቀረበ። ዴንማርካዊው ፒተር ናውር አሻሽሎት ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የትም ቢሆን ይማረዋል።

በ1975 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ፣ በ1977 ደግሞ በሙያው ከሁሉ የሚከበረውን የቲዩሪንግ ሽልማት ተቀበለ። ሽልማቱን ሲቀበል ንግግር ማድረግ የተለመደ ነው። አድማጮቹ የጠበቁት የድል ትረካ ሳይሆን አልቀረም። እሱ ግን ፎርትራንን ጨምሮ የተለመዱት ቋንቋዎች እየወፈሩ እንጂ እየጠነከሩ እንዳልሄዱ ተከራከረ።

ክሱ ጥርት ያለ ነበር። እነዚህ ቋንቋዎች ፕሮግራመሩን አሁንም ሣጥን ሲሞላና ሲያስለቅቅ እንዲኖር አድርገውታል። ሸክሙን ከሰው ላይ ለማንሣት የተነሣው ሰው፣ ሸክሙ ስሙን ቀይሮ እንደቆየ አየ። በምትኩ ያቀረበው ቋንቋ የሚታደስ ሣጥን የሌለው፣ ፕሮግራሞች እንደ ሒሳብ ቀመር የሚገጣጠሙበት ነበር።

ያ ቋንቋ ራሱ በሰፊው አልተሠራበትም። ሐሳቡ ግን በርካታ ተመራማሪዎችን አነቃቅቶ በዛሬዎቹ ቋንቋዎች ውስጥ አሻራውን ትቷል። ባከስም ለዓመታት በዚሁ ምርምር ላይ ቆይቶ እአአ በ1991 ከአይቢኤም ጡረታ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከኮምፒውተሩ ዓለም ራሱን አገለለ።

ከእሱ በኋላ

ጆን ባከስ እአአ መጋቢት 17 ቀን 2007 በኦሬገን ግዛት፣ አሽላንድ በተባለች ከተማ በ82 ዓመቱ አረፈ። ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት።

በሞተበት ዓመት የፎርትራን 2003 የጽዳት ሕግ በወረቀት ላይ የሰፈረ ቢሆንም በነፃ የሚገኘውና ብዙ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ‘ጂፎርትራን’ ኮምፓይለር ገና አልፈጸመውም ነበር። የመጀመሪያው ድጋፍ በ2014 መጣ፤ ጊዜያዊ ውጤቶችን የመሰሉ አስቸጋሪ ጉዳዮች ግን ሳይጸዱ ይቀሩ ነበር። ኮምፓይለሩ ሕጉን በሙላት የፈጸመው በ2023 በወጣው 13ኛ እትሙ ነው። ሕጉ በወጣ በ20 ዓመት ገደማ፣ ቋንቋው በተወለደ በ66 ዓመቱ መሆኑ ነው።

ሥራውን የጨረሱት አብዛኞቹ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ፈቃደኞች ናቸው። የሠሩት ሥራ ለዓይን አይታይም፤ በትክክል ሲሠራ ፕሮግራመሩ መኖሩንም ይረሳዋል። በ1953 ማስታወሻውን የጻፈው ወጣት የፈለገውም ይህንኑ ነበር፤ ሰው ስለ ሰማዩ እንዲያስብ፣ ስለ ሣጥኖቹ ማሽኑ እንዲያስብ።